በላይነሽ የሌለችበት ግሩፕ

ሐሙስ

ቀደመኝ። የናታንያው ሰውዬ ዛሬም ቀደመኝ። የክፋር ብራንዳይሱን ለቅሶ እኔ ሳልሰማ ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ውሃውን አውርዶ ጨርሷል። እኔም እንደሱ የለቅሶ ድንኳንና ወንበር አከራይ ነኝ፤ የደረስኩት ግን እንደ ማንኛውም ሰው ላለቅስ ነው። የሱ ስም የተጻፈበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ግማሹ ለሟች፣ ግማሹ ለራሴ።

እሱ ትልቅ መኪና አለው፣ አዲስ ድንኳን አለው፣ የሚጭኑ የሚያወርዱ ጎረምሶች አሉት። እኔ ያለኝ አንድ አሮጌ መኪና፣ ጊቫት ኦልጋ ያለችው መጋዘኔ፣ እና ዘመድ ነው። ዘመድ ስል የራሴን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም ነው። አባቴ ከጎንደር የመጣውን ሰው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ልጆች ሊጋቡ ሲሉ፣ ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ሽማግሌ የሚላከው ወደሳቸው ነው። ክረምቱን ሙሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ማን የማን ወንድም፣ ማን የማን አክስት እንደሆነ አስቆጠርኳቸው። የወንድሜ ልጅ ሊአት ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችው። ሊአት ቴል አቪቭ ነው የምትሠራው፤ እንጀራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው።

የሠራችልኝ ነገር እንዲህ ነው። እዚህ እስራኤል የቤተ እስራኤል ሰዎች የሚጻጻፉባቸውንና እኔ ያለሁባቸውን የስልክ ግሩፖች በሙሉ ያነባል። «አረፈ»፣ «ተለየን» የሚል ቃል ካየ የሟቹን ስም ይይዛል፣ ከአባቴ ቆጠራ ጋር ያመሳክራል፣ የቅርብ ዘመዶቹን ከደንበኞቼ መሐል ያወጣል፣ ከዚያ የማጽናኛ መልእክት ይጽፋል። ድርቅ ያለ መልእክት አይደለም። የድሮ መልእክቶቼን አስነብባዋለችና እንደኔው ነው የሚጽፈው። እኔ አይቼ «ላክ» ስለው ይልካል።

የሚያዘገየው እኔ ነኝ። መኪና ስነዳ፣ ድስት ሳጥብ፣ «ላክ» ሳልለው ሰውዬው ይቀድመኛል። ዛሬ ለሊአት ደወልኩና፣ እኔን አይጠብቅ፣ ራሱ ይላክ አልኳት።

«ዶዳ፣ በቱኻ?» አለችኝ። እርግጠኛ ነሽ ወይ፣ አክስቴ፣ ማለቷ ነው።

እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ሻይዬን ሳልጨርስ ጨረሰችው።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ

ሙሉቀን ሞተ። የበላይነሽ ወንድም። እዚያው ጎንደር፣ ወደዚህ የሚመጣበትን ተራ ሲጠብቅ።

እኔና በላይነሽ ልጆች ሆነን በአንድ አውሮፕላን የመጣን ነን። አሁን ቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ የሷ ሰገነትና የኔ መስኮት ይተያያሉ። በየዓመቱ «ዘንድሮስ ይመጣል» እያለች ለሙሉቀን አልጋ ስታነጥፍ ኖራለች። እኔም ታላቅ እኅቴ ጥሩወርቅ እዚያው ቀርታብኛለች፤ የበላይነሽን ነገር ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ነው።

ከቀትር በኋላ የበላይነሽ አጎት አቶ ዓለሙ ግሩፕ ከፈቱ። ለመርዶ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ዘመዱም ጎረቤቱም ይገባል፣ ከባለ ሐዘኗ በቀር። ባሏ ታከለ አለ፣ ልጆቿ አሉ፣ እኔም አለሁ። አቶ ዓለሙ የጻፉት፦ «ሰንበት ሊገባ ስለሆነ አይነገርም። እሑድ ማለዳ ቄሱን ይዘን እንሄዳለን። በላይነሽ እንዳትሰማ አደራ።» ከሥሩ ሰዉ ሁሉ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አለቀስኩ። ከዚያ የሰንበት ዳቦዋን ይዤ ወጣሁ፤ በየዓርቡ የምወስድላት ነው። በሯ ጋ ስደርስ ግን ፈራሁ። ፊቴ ምሥጢር አይችልም። ዳቦውን በራፉ ላይ አስቀምጬ፣ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። አሁን ስልኬን አጠፋለሁ፣ ሰንበት እየገባ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ



ስልኬን ስከፍት አዲስ ትዕዛዝ መጥቷል። ስም፦ በላይነሽ። ትናንት፣ ሰንበት ሊገባ ሲል።

ማሽኑ የአቶ ዓለሙን ግሩፕ አንብቧል። የሙሉቀንን ስም ይዟል። ማን ይቀርበዋል ብሎ የአባቴን ቆጠራ አይቷል። እኅቱ ናት። ልኮላታል፤ ከሥሩ የኔ ስም፣ ብርቱካን፣ አለበት። እንዲህ ይላል፦

«እኅቴ በላይነሽ፣ ምን ልበልሽ። ሙሉቀን ያንች ወንድም ብቻ አልነበረም። ብቻሽን አይደለሽም። ድንኳኑንም ወንበሩንም ለእኔ ተይልኝ። መቼ ላምጣ?»

ልክ እኔ ነኝ። እኔ ብጽፈው ከዚህ አይለይም።

እሷም መልሳለች። «እሑድ ማለዳ ይመጣሉ መሰለኝ። ያኔ አምጭው።» ማሽኑ አመስግኗት ትዕዛዙን መዝግቧል።

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሰንበትን ሙሉ ታውቅ ነበር። በሰንበት አይለቀስም፤ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ማዕድ ቀርባ፣ እነሱም ከሷ ሲደብቁ እሷም ከነሱ ስትደብቅ ውላለች። ዛሬ ቀትር ላይ ሰገነቷ ላይ ቆማ ወደኔ መስኮት ስታይ አይቻት ነበር። ምስኪን፣ ምንም አታውቅ ብዬ አዘንኩላት። ከዚያ መጋረጃውን ሳብኩት።

ለሊአት ደወልኩ። የላከውን አንድ በአንድ አየችው። ከዚያ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም አለችኝ፤ የቅርብ ዘመድ ፈልግ ተባለ፣ ፈልጎ አገኘ። «ግሩፑ ውስጥ ማን እንደሌለ እንዲያይ አላስተማርኩትም» አለች። እኔም አላስተማርኳትም። ያለ እኔ ፈቃድ ምንም እንዳይልክ አድርጊው አልኳት፤ አደረገችው።

ለአቶ ዓለሙ ልንገራቸው? ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ።

እሑድ

አልነገርኳቸውም።

ሳይነጋ ወንበር ጫንኩ። እንደ ልማዴ መኪናዬን ጥግ ላይ አቁሜ ጩኸቱን ጠበቅኩ፤ መርዶ ሳይነገር ወንበር አይወርድም። አቶ ዓለሙ፣ ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን የተከናነቡ ሴቶች ደረጃውን ወጡ። ከባሕሩ በኩል ይነፍስ ነበር። ሳያንኳኩ ነው በሩን የከፈተችላቸው አሉ። አቶ ዓለሙ እንደ ወጉ «ቁርስ በልተሻል ወይ?» ብለው ጠየቋት፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። በልቻለሁ አለቻቸው።

ከዚያ ጮኸች። የበላይነሽን ልቅሶ አውቀዋለሁ፣ እናቷ ስትሞትም አብሬያት ነበርኩ። የዛሬው ሌላ ነው። ከዓርብ ጀምሮ ታፍኖ የቆየ ነው። ያን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወንበሩን ይዤ ስገባ ዓይኗ ዓይኔ ላይ አርፎ አለፈ። 

ሰዉ ከተረጋጋ በኋላ አቶ ዓለሙ ተነሥተው፣ ይህን ያህል ሰው አውቆ አንድም ቃል አልወጣም፣ አደራ ጠብቃችኋል ብለው መረቁን። ወደኔ ዞረው «አንችማ ፊት ለፊቷ እየኖርሽ» አሉኝ። አሜን ሳልል ወንበር ላወርድ ወጣሁ።

ማክሰኞ

የናታንያው ሰውዬ ደወለ። ጌታሁን ይባላል። ድምፁ እንደ ማር ነው። አብረን እንሥራ ይላል፤ ዕቃውን እሱ፣ ወሬውን እኔ። ከሽማግሌዎቹ እኩል መርዶውን እንዴት እንደምሰማ ሊገባው አልቻለም። «ሞት መጀመሪያ አንችን ያማክራል ይላሉ እኮ» አለና ሳቀ።

ዓመት ሙሉ ይህን ስልክ ስመኝ ነበር፤ ተቀናቃኜ ራሱ ደውሎ እንዲለምነኝ። አሁን ሲመጣ አላስደሰተኝም። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ጥሩወርቅ ስልክ አታነሳም። ጎንደር ኔትወርክ ይጠፋል፣ የተለመደ ነው። ግን የቤተሰባችን ግሩፕም ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል። ሌላ ጊዜ ምርቃቱ፣ የልጅ ፎቶው፣ የማይረባው ቪዲዮ አያስቀምጠኝም። ምንድን ነው ዝምታው? እኔ የሌለሁበት ሌላ ግሩፕ ተከፍቶ ይሆን?

አላስችል ቢለኝ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። አባቴም እዚያው ነው የሚኖሩት። የወንድሜ ሚስት ገና በሩን ስትከፍት «በልተሻል ወይ?» አለችኝ።  ማን ሞተ አልኳት። ደንግጣ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ሽሮ ልትሰጠኝ ነበር።

አባቴ ትክ ብለው አዩኝ። ያ የቆጠርኩልሽ ዘመድ ስንት ጋብቻ አስቀረ አሉኝ። ለሱ መስሏቸው ኖሯል የደከሙት። አንድም አላስቀረም አባቴ አልኳቸው።

ሐሙስ

ዕቃው ከወረደ በኋላ በራሱ የሚሄድ ሌላ መልእክት ነበር። ሌላውን ስናቆም እኔም ሊአትም ይህን ረሳነው። ለበላይነሽ ደርሷታል፣ በለቅሶው መሐል። «አገልግሎታችን እንዴት ነበር?»

መልሳለች። «ወንበሮቹ ጥሩ ናቸው።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ቁጣ ብፈልግበት የለም። ምንም የለም።

በየቀኑ እሄዳለሁ። ድስት አጥባለሁ፣ ውሃ አድላለሁ፣ ጥግ እቀመጣለሁ። ስለ ሙሉቀን ለሁሉም ታወራለች፤ በቅሎ ላይ ተኝቶ ወንዝ የተሻገረበትን ቀን ተርካ ሰዉን አሳቀችው። እኔ ጋ ስትደርስ ትዘላለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊአትን ሁሉንም አጥፊው አልኳት። ዶዳ፣ ሥራሽ የቆመው በሱ ነው፣ ያ ሰው ይበላሻል አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይበላኛል። አጥፊው አልኳት።

ጥሩወርቅ ዛሬም አላነሳችም።

እሑድ

ሰባቱ ቀን አልቆ ሐዘኑ ተነሣ። ወንበር ልሰበስብ ሄድኩ። በላይነሽ ሳልጠራት መጥታ አብራኝ ማጠፍ ጀመረች። ብዙ ወንበር ካጠፍን በኋላ፣ ሳታየኝ፣ «ዳቦውን በራፌ ላይ ትተሽው ሄድሽ» አለችኝ።

ሌላ ወንበር አነሣሁ።

«ብቻሽን አይደለሽም ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም ብርቱካን ታውቃለች፣ ትመጣለች እያልኩ ሰንበቱን ሙሉ በር በሩን ሳይ ነበር። ኋላ ሰገነት ወጣሁ። መጋረጃውን ስትስቢ አየሁሽ።»

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ወንበሩን አስቀምጬ ነገርኳት። እኔ አልጻፍኩትም፤ ማሽን ነው፤ የኔን አነጋገር አስተምረነው ነው፤ መሄዱንም ያወቅኩት ሰንበት ከወጣ በኋላ ነው። ይህን ስላት ቀሎኝ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን የባሰ እንደነገርኳት ገባኝ። እስካሁን አንድ ሰው አስቦኝ ጽፎልኝ ነበር ትል ነበር። አሁን እሱም ቀረባት።

«መልሼለት ነበር እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ለምን ለአቶ ዓለሙ እንዳልተናገረችብኝ ጠየቅኳት። «ብናገር ከሰው ይለዩሻል። ሙሉቀንን አጥቼ አንችንም ልጣ?» ብላ የቀሩትን ወንበሮች አንሥታ መኪናው ድረስ ወሰደችልኝ፣ ከዚያ ገባች።

ከዚያው ቀጥታ አቶ ዓለሙ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ ከየግሩፑ ስሜን አንድ በአንድ አወጡት። እኔ ፊታቸው ቆሜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ሲጨርሱ «ምርቃቴንም መልሽ» አሉኝ።

ለጌታሁን ደውዬ፣ ወሬ የለኝም አልኩት። አላመነኝም።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ።

በዚህ ሰዓት በር የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራዬ ነው። በሩ ጋ እስክደርስ በሐሳቤ ጥሩወርቅን ቀብሬያት ነበር። ከፈትኩ። በላይነሽ ናት፣ ብቻዋን፣ ነጠላዋን ተከናንባ። ከኋላዋ ሽማግሌ አለ ወይ ብዬ ደረጃውን አየሁ። የለም።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

ማንም አልሞተም አለች። አጎቷ ያደረጉትን ሰምታለች። ከእንግዲህ የሚነግርሽ ሰው የለም ብዬ መጣሁ አለችኝ። ዳቦ ይዛለች። ጥሩወርቅ ስልክ እንደማታነሳ ነገርኳት። ወንበር ሳበችና አስቀመጠችኝ። ዳቦውን ቆረሰች። «መጀመሪያ ብይ» አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። የኔ ፊት ምሥጢር አይችልም፤ የሷ ግን ሰንበትን ሙሉ ችሏል። የምታውቀው ነገር ይኑር አይኑር ላነብ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። መጠየቅም ፈራሁ። በላሁ። እሷም አብራኝ በላች።

ደወልን፣ አልተነሣም። እንደገና ደወልን። ዛሬ ሥራ አትገቢም ወይ አልኳት፤ እንጀራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። የክፋር ብራንዳይስ አረጋውያን አንድ ቀን ሌላ ሰው ያጥባቸው አለች። «እስክታነሳ አልሄድም» ብላ ጫማዋን አወለቀች።

ይህን የምጽፈው እስኪነሣ እየጠበቅን ነው። ስልኩ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ድምፁን ከፍተነዋል። በላይነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ማንም አልሞተም ብላኛለች፤ አምኛታለሁ። መጋረጃው ክፍት ነው። ጎንደር ይጠራል።