ባልዲውን ስለረገጡት አባት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች ክበብ በር፣ በልብስ ማጠቢያው ግድግዳና በራስዎ ቢሮ መግቢያ ተለጥፎ ሲያነቡት የደም ግፊትዎ ከልኩ እንዳያልፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሁለተኛ ፎቅ የወንዶች ክፍልን አሥራ አራት ዓመት ያጸዳሁ፣ ስሜን ባያውቁትም ኮሪደር ላይ መወልወያዬን እግርዎን አንስተው የሚሻገሩኝ ሴት ነኝ።

ምስጋና ይቅደም። ሆስፒታላችን ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲደርስ ብለው፣ ከጽዳት እስከ ጥበቃ ያለነው ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን እንግሊዝኛ እንድንማር፣ የፈረቃ ሪፖርትም ከዚያ ቋንቋ ውጭ እንዳይጻፍ ስላዘዙልን ውለታዎ አለብን። ቀድሞ ቧንቧ ሲፈነዳ «ቧንቧ ፈነዳ» ብለን እንጽፍ ነበር፤ ቧንቧ ሠሪውም ወዲያው ይመጣ ነበር። ዛሬ እኛ የቧንቧን እንግሊዝኛ ስንፈልግ ውሃው ራሱ ደረጃውን ወርዶ ይነግረዋል።

ቅሬታዎቼ ግን የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ሰዋስው። መምህራችን፣ የጨዋ ልጅ ነው፣ ትናንት የሆነ ነገር ሁሉ ግሱ መጨረሻ ላይ «ኢድ» ይጨመርበታል ብሎ አስተማረን፤ እኛም አመንነው። በሳምንቱ ደግሞ «ሄደ» ለሚለው አይሠራም፣ ለ«በላ»ም አይሠራም፣ ለ«መጣ»ም አይሠራም አለን። ዘበኛችን እጁን አውጥቶ «ታዲያ ከመሄድ፣ ከመብላትና ከመምጣት ሌላ እኛ ትናንት ምን ሠራን?» ቢለው መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ መስኮት ከፈተ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃላት። ቢላዋ በሚለው ቃላቸው ፊት የማይነበብ ፊደል ቆሟል። ሥራው ምንድን ነው ብንል «ዝም ይላል» ተባልን። ከፊት ተቀምጦ ምንም የማይሠራ በእኛም መሥሪያ ቤት ስላለ አልተገረምንም።

ሦስተኛው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የአልጋ ቁጥር ሰባት ታካሚ፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርኩዝ ቆመው ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ባልዲዬን ረገጡት። የሳሙናው ውሃ እስከ አልጋ ቁጥር አራት ደረሰ። እኔ ስደነግጥ እሳቸው በሳቅ ፈረሱ፤ «ልጄ፣ እግሬ መሥራቱን በዚህ አወቅሁ!» አሉኝ። ሲስተርም አጨበጨበችላቸው። ወለሉን አደረቅሁና ለሪፖርቱ ተቀመጥኩ። መርገጥን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ባልዲን በሁለተኛው ተምሬአለሁ፤ ነገሩ ያለፈ ስለሆነ «ኢድ»ን አልረሳሁም። «አልጋ ቁጥር ሰባት ኪክድ ዘ ባኬት» ብዬ በኩራት ፈረምኩ።

ፈሊጥ የሚባለው ትምህርት ለሦስተኛው ወር የተቀጠረ ስለሆነ፣ በዚያ ቋንቋ ባልዲ ረገጠ ማለት ሞተ ማለት መሆኑን የነገረኝ የለም። እርስዎ ግን ከእኛ ቀድመው የተማሩ ነዎትና ወዲያው ገባዎት። ከቢሮዎ እስከ አልጋ ቁጥር ሰባት ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ በየቀኑ ስለምወለውለው ቁጥሩን አልስተውም። ያን ወጥተው ከማየት ይልቅ ጸሐፊዎን ለቤተሰቡ እንድትደውል አዘዟት።

ስድስት ሰዓት ላይ ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው፣ በሁለት ሴት ልጆቻቸው ተደግፈው፣ ኮሪደሩን በለቅሶ እያናወጡ መጡ። በሩ ሲከፈት ሟቹ ትራስ ተደግፈው ሾርባ ይጠጣሉ። እናታችን በሩ ላይ ሲዘረጉ ያዝኳቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞተሃል ተብዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

«ማን አለሽ? ለእኔ እስካሁን አልነገሩኝም» አሉ ማንኪያውን እንደያዙ።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ልጆቹም እያለቀሱ ሳቁ። እናታችን ግን አልሳቁም። አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ እጃቸው የባለቤታቸውን እጅጌ ጨብጦ አልለቅ ሲል አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለዚያ እጅ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ቀልድ የለኝም።

በማግስቱ እናታችን ቢሮዎ ድረስ መጥተው «ለምን?» ቢሉዎ፣ «የቋንቋ ችግር ነው» ብለው ሸኟቸው፤ መፍትሔውንም አላጡትም፤ ትምህርቱን በሳምንት አራት ቀን አደረጉት። ለእኔ ደግሞ በሐሰት ሰው ገድለሻል የሚል፣ ከደገምሽ ትሰናበቻለሽ የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ጽፈው ላኩልኝ። ታካሚው ቅዳሜ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ «ባልዲውን የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ በሕይወት አለሁ» ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ሲስተርን ምስክር አድርገው ሰጥተውኛል። ለመዝገብ ቤት አስገብቻለሁ።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ይነሣልኝ፤ እናታችንንም ባለቀሱበት ቋንቋ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። አድራሻቸው በባለቤታቸው የሕክምና ካርድ ላይ አለ።

ደረጃው እርጥብ በሆነ ጊዜ ሁሉ ስለ እርስዎ እግር የምትጨነቀው፣ ታዛዥዎና አክባሪዎ፣
የሁለተኛ ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ስላልገባኝ ስምዎንና ማኅተሙን ሸፍኜ እንዲያነብልኝ ለመምህራችን ሰጥቼው ነበር። ትርጉሙን ከነገረኝ በኋላ ዘጠኝ ስህተት በቀይ አክብቦ፣ «ይህ ተማሪ ወደ ጀማሪዎች ክፍል ይመለስ» ብሎ መልሶልኛል። ትምህርቱ ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት ይጀምራል፤ የፊት ረድፍ ላይ ወንበር ይዤልዎታለሁ።