ዳልቻ ከአጥሩ ማዶ

ሰኞ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ዛሬም ሽሮዬን አሽትታ ሄደች። ሳህኑ ላይ ጎንበስ አለች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት! ከዚያ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ በአጥሩ ሥር ሹልክ፣ ወደ እማማ ሐና ግቢ።

ዳልቻ የእኔ ድመት ናት። ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም፤ የእኔ መሆኗን ግን መጻፍ አስፈለገኝ። ሆሳዕና ለማስተማር ተመድቤ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ሦስቱን ዓመት እግሬ ሥር ተኝታለች።

ጥፋቱ የማን ነው? የሁዳዴ። አይደለም፣ የእኔ። ሌላ ጊዜ በጾምም ቢሆን ለእሷ ወተት እገዛ ነበር። ዘንድሮ አጥብቄ ልጹም ብዬ ወተት የሚባል ቤቴ እንዳይገባ ወሰንኩ። ድመቷን አላማከርኳትም። እማማ ሐና ደግሞ የሚሽን ምእመን ናቸው፣ የእኛን ጾም አይጾሙም፣ አንዲት ላም አለቻቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ብቻቸውን ናቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

በመምህራን ክፍል አቶ በየነ፣ የስፖርት አስተማሪው፣ በሰው ፊት፦ «ዘነቡ፣ ድመትሽ ሃይማኖት ለወጠች አሉ!» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ብቻ።

ማክሰኞ

ልወስዳት ሄድኩ። እማማ ሐና በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ይለቅማሉ። ዳልቻ ጭናቸው ላይ። በሀዲይኛ ስም አውጥተውላታል። ጠሯት፤ ጆሮዋን አቆመች። ትርጉሙን አልጠየቅሁም።

«ነይ አስተማሪ፣ ግቢ። ልጅሽ እዚህ ናት» አሉኝ። ልጅሽ አሉ። እጃቸው ግን ከጀርባዋ አልተነሣም።

ወንበር ላምጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከገብሱ ጎታ ሥር፣ በገል ላይ፣ ከቆጮ ፍርፋሪ ጋር የተለወሰ ጥቁር ግራጫ ዱቄት አየሁ።

«እሱን እንዳትነኪ!» አሉ ከውጭ። «ያይጥ መድኃኒት ነው። ልጄ ኤርጃቦ ከአዲሎ ገበያ አመጣልኝ። ዘሬን በልተው ጨረሱት። በልግ ደረሰ፣ ምን ልዘራ ነው?»

ደብረ ብርሃን ሳለሁ የአከራዬ ድመት እንደዚህ ሞታለች። ዱቄቱን አልቀመሰችም፤ የቀመሰውን አይጥ ነበር የበላችው። አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋ ሥር ጮኸች።

ይህን መናገር ነበረብኝ። እዚያው፣ ቆሜ። አልተናገርኩም። ዳልቻ ቀሚሳቸውን በመዳፎቿ እያፈራረቀች ስትጫን አየሁ፤ እንደዚያ የምታደርገው በእኔ ጋቢ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «ደህና ይዋሉ» ብዬ ወጣሁ። ወንበሩንም አላመጣሁም።

ያው ቀን፣ ከራት በኋላ

እንዴት ይነገራል?
— በቀጥታ። «መርዝ ቤትዎ አለ።» ይህ ቃል ለአንዲት አሮጊት፣ ያውም ከቤቷ ምግብ ለሚላክልሽ ጎረቤት፣ የሚነገር አይደለም። ስድብ ነው።
— በልጃቸው በኩል። ያመጣው እሱ ነው፤ ይቀየማል።
— ድመቷን አስሬ። ሞክሬያለሁ። ስትጮኽ ዋለች፣ የጎረቤት ሰው ምን ሆነች ብሎ መጣ።
— ወተት እንዳይሰጧት በመለመን። ከጠገበች አይጥ አትይዝም፣ አይጥ ካልተያዘ መርዝ ይቀመጣል። ስለዚህ ወተቱ ቢቀር መርዙም ይቀራል። ትክክል ነው። ደግሞ ወደ እኔ ትመለሳለች።

የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ትክክል የሆነ ነገር እንዲህ ሲመቸኝ ደስ አይለኝም።

ረቡዕ

ተናገርኩ። ባልተናገርኩ።

መጀመሪያ ስለ ላሟ ጠየቅሁ። ስለ ኤርጃቦ ሚስት ጠየቅሁ። ከዚያ ከአፌ የወጣው፦ «እማማ፣ ወተት ባይሰጧት እኮ አይጡን ሁሉ ትጨርስልዎ ነበር።»

ገብስ መልቀማቸውን አቆሙ።

«ተርባ ነው የመጣችው» አሉ። «የተራበ አይባረርም።»

ያን ጊዜ ነው መርዙ ትዝ ያለኝ፤ ማለቴ፣ ያን ጊዜ ነው ያነሣሁት። ስለ መርዙም ፈርቼ ነው፣ ቤት ውስጥ መርዝ ማኖር ጥሩ አይደለም፣ አልኩ። በጥድፊያ። የደብረ ብርሃኗን ድመት ሳልነግራቸው።

«እሷ ሞኝ አይደለችም፣ ዱቄት አትልስም። ደግሞ አይጥ ብቻ የምታልፍበት ትቼ ከድኜዋለሁ።» ገብሱን እፍ አሉበት። «አስተማሪ፣ ያስቸገረሽ መርዙ ነው ወተቱ?»

እዚህ መንደር ውስጥ አማርኛ አይችሉም የሚባሉት እኚህ ሴትዮ ናቸው።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል መጡ። በሳህን፣ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ትኩስ አሚቾ፤ የእንሰቱን ሥር ቀቅለው፣ በሚጥሚጣ። «ቅቤ የለበትም። ለጾምሽ ብዬ» አሉ። መታረቂያ ነው። ገባኝ። ዐይኔ ውስጥ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ዳልቻ ከኋላቸው ስትከተል አየሁና ደረቀ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጠሩ፤ ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ይመጣል፣ የግርማዊነታቸው ሥዕል ይወልወል፣ የመማሪያ ክፍሎች ኖራ ይቀቡ። ቤት ስገባ ራሴን አሞኝ ነበር። ተኛሁ።

ዐርብ

ጠዋት ሳህናቸውን ሊወስዱ መጡ። በሩን ከፈትኩ። አሚቾው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቅጠሉ እንኳ አልተገለጠም።

እሳቸው ያዩትን እኔም በእሳቸው ዐይን አየሁት። ረቡዕ ስለ መርዝ የተናገረች ሴት፣ ሐሙስ ከቤታቸው የመጣ ምግብ ሳትቀምስ ያሳደረች።

«መርዝ አለው ብለሽ ነው?»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ራሴን አሞኝ ነው፣ ስብሰባ ነበር፣ አልኩ። እውነት እንዲህ ውሸት ይመስላል። ሳህኑን ከነምግቡ አንሥተው ሄዱ። አራት ዓመት ሙሉ ተከፍቶ የማየው የአጥራቸው በር ተዘጋ። ዳልቻ በሥሩ ገባች።

ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ያሰብኩት፦ አሁን ብትሞት የሚነግረኝም የለም።

ስድስት ሰዓት ላይ የአጥራቸውን በር ገፍቼ ገባሁ። «እማማ፣ አሚቾዬን ይስጡኝ» አልኩ።

«ላሟ ልትበላው ነው።»

«ላሟ ትቆይ።»

አመጡልኝ። ቆሜ በላሁ። ቀዝቅዟል፣ ጠንክሯል፣ ሚጥሚጣው ያቃጥላል። እማማ ሐና ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። «ሰዓትሽ አልደረሰም» አሉ። «አውቃለሁ» አልኩ፣ እየጎረስኩ። (ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ። እንዴት እንደምለው ግን አላውቅም።) ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነጠቁኝና «ተቀመጪ፤ ታንቀሽ እንዳትሞቺብኝ ደግሞ» ብለው ውኃ ሰጡኝ።

ከዚያ ነገርኳቸው፤ በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በቅደም ተከተል። ዱቄቱን አይጡ ይበላል። አይጡን ድመቷ ትበላለች። የአከራዬ ድመት እንዲህ ሆና ሞተች።

እማማ ሐና ሳህኑን መሬት አስቀመጡት።

«ዛሬ ጠዋት አንድ ሞቶ አገኘሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ወፍራም። ለሷ... በቅጠል አድርጌ ከጓሮ አስቀመጥኩላት። ደስ ይበላት ብዬ።»

ሮጥን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀደሙኝ። ቅጠሉ ነበር። ባዶውን።

ዳልቻን ጆንያ ላይ ተኝታ አገኘናት። ነቀነቅናት፤ አዛጋች። አፏን ከፍቼ አየሁ፤ ምን እንደምፈልግ ግን አላውቅም። ወደ ትምህርት ቤት ታምሜአለሁ ብዬ ላክሁ። እዚያው ተቀመጥን፣ አንዳችን በግራ፣ አንዳችን በቀኝ፣ ድመቷ መሐል። ስትተነፍስ እንቆጥራለን። እሳቸው እጃቸውን ጭነው በሀዲይኛ ጸለዩ፤ እኔ በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። ዳልቻ ሁለታችንንም አልሰማችም።

አንድ ጊዜ ወተት ሊሰጧት ተነሡና ወደ እኔ ዞሩ። «ልስጣት?» አሉ፤ ፈቃድ ሊጠይቁ። ማሸነፍ ይህ ከሆነ አልጣመኝም። «ይስጧት» አልኩ። ጠጣች።

ኤርጃቦ ማታ ዱቄቱንና ገሉን ከእንሰቱ ማዶ፣ ክንዱ እስኪጠፋ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። እናቱ ቆመው አፈሩን አስረገጡት። ወደ ቤቴ ስመለስ ዳልቻ አሁንም ደህና ነበረች። የአከራዬም ድመት በመጀመሪያው ምሽት ደህና ነበረች።

ቅዳሜ

ትኖራለች!

ጠዋት የጓሮ በሬን ስከፍት እግሬ ሊረግጠው ምንም አልቀረውም። አይጥ። ወፍራም። ሙሉ። ጅራቱ እንኳ አልጎደለም። ልክ በመግቢያው መካከል፣ ዕቃ እንደሚያደርስ ሰው አስተካክላ አስቀምጣዋለች። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ትናንት የገባሁት የወጣሁት በፊት ለፊቱ በር ነው።

ቁጭ ብዬ አየሁት። በሞተ አይጥ ፊት የምታለቅስ የሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሪ።

ያልበላችው ጠግባ ስለነበር ነው። በእማማ ሐና ወተት። የእኔ ምክር ተሰምቶ ወተቱ ከረቡዕ ጀምሮ ቢቀር ኖሮ ያን አይጥ ዐርብ ጠዋት ትበላው ነበር። ይህን በዚህ ደብተር ላይ እንዳላደበዝዘው በትልቁ ጻፍኩት። ትክክል ነበርኩ፤ ትክክለኛነቴ ሊገድላት ነበር።

አይጡን በአካፋ አንሥቼ ቀበርኩ። ልብስ ያለበትን የቆርቆሮ ሳጥኔን አራግፌ ተሸክሜ ሄድኩ። ለገብሱ ዘር። አይጥ ቆርቆሮ አይበላም። እማማ ሐና ክዳኑን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረጉት። «ልብስሽስ?» «ሚስማር ላይ ይሰቀላል።» «ሳጥን የሌላት ሴት ማን ያገባታል?» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሴ ብቻ ሳይሆን ልቤም ሳቀ።

ከዚያ ነገርኳቸው። አይጡን አልበላችውም፣ ሙሉውን አግኝቼ ቀበርኩት። ወተትዎ ነው ያዳናት። ይህችን አረፍተ ነገር ለማለት ከቤቴ እስከ ቤታቸው ስለማመዳት ነበር። እማማ ሐና በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ትጠጣ?» «ትጠጣ። እስከ ፋሲካም፣ ከፋሲካም በኋላ።»

ዳልቻ በዚህ መሐል ከጭናቸው አልወረደችም። ወደ ቤት ስሄድም አልተከተለችኝም። ይህ ያማል፤ እንደ ሰኞው ግን አይደለም።

«አይጡን የት አገኘሽው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፣ በሩ ላይ ስደርስ።

«እዚያው፣ አጥሩ ጋ» አልኩ።

ዳልቻ እኔ በር ላይ እንዳስቀመጠችልኝ አልነገርኳቸውም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እነግራቸው ይሆናል። አይመስለኝም።