ለመክሳቴ የሚያለቅስ እንዳይኖር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

አልታመምኩም። ምራቴም አላስራበችኝም። ይህን ከሰላምታው በፊት ያስቀደምኩት፣ ሰላምታዬን እንባሽን እየጠረግሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው። አሁን እንደ ደንቡ ልጠይቅሽ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ፣ የልጅ ልጅሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ቀን ያልጻፍሽበት ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ተመንምነሽ አልቀሻል አሉ፣ የምትደብቂኝ በሽታ አለ» ብለሻል። ወሬውን ያደረሰሽ ማን እንደሆነ አላጣሁትም። ሰማያዊውን ቀሚሴን ላስጠብብ የሄድኩባት ልብስ ሰፊ ናት። መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ወገቤን ስትለካ፣ «ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት? ያ ሁሉ ሰውነት የት ገባ?» አለችኝ። የትም አልገባም፣ ራሴ ነኝ ያራገፍኩት አልኳት። አላመነችኝም። ትርፉን ጨርቅ ሳትቆርጥ ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችውና፣ «አይዞዎት፣ ሲሻልዎት እንለቀዋለን» ብላ አጽናናችኝ። ስታጽናናኝ ብቻ ብትቀር ደግ ነበር፤ ስልክም አላት።

እውነቱ ይህ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ጉልበቴን በቀዶ ጥገና ሊሠራልኝ ፈቃደኛ ነው። አስቀድሜ ግን ክብደት መቀነስ አለብኝ፤ አለዚያ ማደንዘዣውም ቁስሉም እንደሚያሰጋኝ ፊት ለፊት ነግሮኛል። ካልተሠራልኝ ደግሞ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ እየተባልኩ መቅረቴ ነው። እኔ ግን ያንቺን ቤት ደረጃ በገዛ እግሬ ልወጣ ቆርጫለሁ።

ወደ አመጋገብ ባለሙያዋ የላከኝ እሱ ነው። ልጅ እግር ናት፤ ስትናገር ግን አታንዛዛም። እኔ ውፍረት የሆዳም ቅጣት መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የገባሁት። እሷ ግን ቀና አደረገችኝ። ከቤተሰብ የሚወረስ አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያወፍራል፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥና ጣፋጭ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ ሁሉም ይተጋገዛሉ አለችኝ። በዓለም ላይ ከስምንት ሰው አንዱ ይህ ችግር አለበት ስትለኝ አልገረመኝም፤ ተራ መጠበቂያውን አይቼዋለሁ። ሹፌሩም፣ የባንክ ሠራተኛዋም፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ሕፃንም እዚያ ነበሩ። ባለ መደገፊያ ወንበሮቹ ስለጠበቡ አንስተዋቸው ረጃጅም አግዳሚ አስገብተዋል። አክስታችን ትዝ አለችኝ። «ተመችቷታል» እያልን እናደንቃት ነበር፤ ስኳር በሽታው እግሯን ሲያሳጣት ደግሞ አለቀስንላት። ለካ አልተመቻትም ነበር።

እንግዲህ የታዘዝኩትን ያዝኩ። የሳህኔ ግማሽ አትክልት ነው፤ በጣፋጩ ሻይ ፈንታ ውኃ እጠጣለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን አነሳለሁ፣ ምርኩዜን ይዤ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ፤ በጊዜ እተኛለሁ። ለአንዳንዱ ሰው መድኃኒት፣ ለአንዳንዱም ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ጥገና ይታዘዛል፤ እሱ ግን ሐኪም መርምሮ የሚወስነው እንጂ ጎረቤት የሚመክረው አይደለም። ክብደቴም መውረድ ጀመረ።

ከዚያ ቆመ። ቀጥሎም ጨመረ! ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ምናልባት ሳይታወቅዎት ይቀማምሱ ይሆን?» አለችኝ። እህቴ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ ተጠየቅሁ። ያልተፈቀደልኝን አልቀምስም ብዬ ወለሉን በምርኩዜ ከወትሮው ጠንከር አድርጌ እየመታሁ ወጣሁ።

በማግስቱ ሾርባዬ ሲፋጅብኝ መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ፀጉሬን ልጎነጉን ገባሁ። ስመለስ ላዩ ላይ ቅቤ ረግቷል፤ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ። በማንኪያ አንስቼ ለምራቴ አሳየኋት። እዚያው የማድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። «ምን ላድርግ እማዬ? ሰፈሩ ሁሉ አማቷን በረሃብ ፈጀቻት እያለ ያማኛል። እህትዎም ደውለው ‹በሞቴ፣ እህቴን አጠንክሪልኝ› ብለውኛል» አለች። ማታ ማታ በምትሰጠኝ ወተት ውስጥም ስኳር ትጨምር እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ሾርባው ሲጣፍጠኝ፣ እጇ የተሻሻለ መስሎኝ አመስግኛት ነበር!

እሷን አልተቆጣሁም። ለስሟ ፈርታ፣ ያንቺንም ቃል አክብራ ነው። አንቺን ግን ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬን የምታበርጅበትንም እነግርሻለሁ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውይላትና፣ እህቴ የምትከሳው በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት በያት። ለልብስ ሰፊዋም ይህንኑ ንገሪያት፤ የቀረውን እሷ ታዳርሰዋለች። ከእንግዲህ በምግብ ነገር ማንንም በሞቴ አትበይ። የልጅ ልጅሽንም ጉንጯ ስለሞላ ብቻ አታሞግሺያት፤ ባለቀሰች ቁጥር ለስላሳ አትስጫት። ውኃ ትጠጣ፣ ደጅ ወጥታ ትሩጥ።

ባለቤትሽን፣ ሳሉን ችላ እንዳይል ብላለች ብለሽ ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ ያንን ቀልደኛ ወንድ ልጅሽንና የልጅ ልጅሽን ሳሚልኝ። ልጄ እጅ ይነሳሻል። ምራቴም ሰላም ብላሻለች፤ ስልክሽን ትጠብቃለች።

ነገ የሚዛን ቀጠሮዬ ነው። መጀመሪያ ምራቴ ምድጃውን ሳትለኩስ ማድ ቤት እገባና ሾርባውን አብረን እንሠራለን። ከዚያ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ የቅቤውን ነገር ለባለሙያዋ ራሷ ልትናገር ተስማምተናል፣ እኔም አጠገቧ እቆማለሁ። ጫማዬን አውልቄ ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፤ ያሻውን ይበል። ስንመለስ ልብስ ሰፊዋ ጋ ጎራ እልና ሰማያዊውን ቀሚስ ገልብጬ፣ ያንን ያጠፈችውን ጨርቅ ዓይኔ እያየ አስቆርጣታለሁ።

ታላቅ እህትሽ
ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን