አትጠብቂያቸው

ይድረስ ለምወድሽና ሌት ተቀን ለማስብሽ እናቴ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃውን ያስወጣሻል? ሳልሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ “ደኅና ነኝ” እያልሽ ደብቀሽዋል? አክስቴስ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከሥጋቴ በቀር ደኅና ነኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ የመጣ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ያ ሁሉ ቁመት ኮርኒስ ውስጥ ታጥፎ እንዴት ይውላል? መጨረሻ ስንነጋገር፣ ጠመንጃ ያነገቱት ሰዎች የልብስ ሰፊውን ልጅ ከአልጋው አንስተው ለጦር እንደወሰዱት ነገርሽኝ። “የእኛንስ እስኪመጡልን ነው የደበቅነው፤ አንቺ ያለሽበት አገር ጦር ገብቶ ያወጣናል” አልሽኝ። ቃልሽ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለ ሥራዬ ስትጠይቂኝ አድበስብሼብሽ ነበር። መስኮት በሌለው አዳራሽ በተርታ ተቀምጠን፣ ለማናውቀው ሰው ስልክ እየደወልን አስተያየት እንጠይቃለን። ቀድሞ ስለ ሳሙና ነበር፤ ስለ አውቶቡስ ነበር። ሰሞኑን ግን ጥያቄው ስለ እናንተ ሆነ፦ “ጦራችን ድንበር ተሻግሮ ይግባ ወይስ አይግባ?” እኔም የሳሙናውን ባነበብኩበት ድምፅ አነበዋለሁ።

አንዱ ድስት እያማሰለ መሰለኝ፣ ማንኪያው ይሰማል፣ “ይግቡና ድምጥማጣቸውን ያጥፉት” አለኝ፤ የእነማንን እንደሆነ አልለየም። “ይግባ” የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ደወልኩ። ሌላዋ ደግሞ ልጇ ወታደር ነው፤ ለሰው አገር ጠብ ልጄን አልሰጥም ብላ አለቀሰች። ልፈርድባት አልቻልኩም። አንቺስ ልጅሽን የደበቅሽው በምን ሆነና?

የሰውን ስልክ ስለሚያዳምጥ “ጆሮው” የምንለው አለቃችን ጠርቶ ገሠጸኝ። እኔ የምጠይቃቸው ሰዎች “አላውቅም” ማብዛታቸው ስላልገባው፣ ምን እያልሻቸው ነው አለኝ። ምንም አላልኳቸውም፤ የሚያሳብቅብኝ አነጋገሬ ነው። ከየት እንደመጣሁ ሲገባቸው ሰዎቹ ይሉኝታ ይይዛቸዋል መሰለኝ።

አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ግን ፊት ለፊት፣ “ከዚያ ነሽ አይደል ልጄ? እንግዲያው አንቺ የምትዪውን ጻፊልኝ” አለችኝ። እማ፣ ይግቡ እንዳልል ቤታችን ድልድዩ ሥር ነው፤ ጦር ሲገባ ደግሞ ድልድይ ነው የሚመታው። አይግቡ እንዳልል ወንድሜን እነዚያ ባለጠመንጃዎች ዛሬ ነገ ያገኙታል። ደንቡ አይፈቅድልኝም አልኳት። “እንግዲያው እኔም አላውቅማ” ብላ ዘጋችው።

ትናንት ውጤቱ በሬዲዮ ተነገረ። ብዙው ሰው “አይግባ” ብሏል፤ መንግሥትም የሕዝቡን ቃል ሰምቻለሁ፣ ወታደር አልልክም አለ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አቅፋ ሳመችኝና፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቦምቡ ቀረላችሁ አለችኝ። አመስግኛት ሽንት ቤት ገባሁና አለቀስኩ። በክፋት አላለችውም፤ እኔም አንድ ፍርሃት ለቀቀኝ፣ ሌላው ግን አልለቀቀኝም።

ስለዚህ አትጠብቂያቸው። የሚመጣ የለም። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሚንቶውን አራግፎ ባዶውን ይመለሳል። ከወንበሩ ጀርባ አንድ ሰው ብቻ የሚያስተኛ ቦታ አለው። ለምኜው እሺ ብሏል። መንገድ ላይ ፍተሻ እንዳለ አልደብቅሽም። ግን ኮርኒሱም ቢሆን አንድ ቀን ይፈተሻል። ልጁን አሁኑኑ አውርጂው። ስንቅ ልቋጥር፣ ልመርቅ ብለሽ ሰውየውን እንዳታቆሚው፤ ምርቃቱን ከኋላ ላኪለት። ወረቀቱንም አቃጥዪው።

አክስቴን በጣም ሳሚልኝ፤ ምላሷንም ለጥቂት ቀን ታሳርፍልኝ በያት። ልብስ ሰፊውን በልጁ በጣም አዝናለች በዪልኝ፤ ስለ እኛው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ያንን ያመመሽን ጉልበትሽን ስሜዋለሁ። ለወንድሜ ሰላምታ አልልክም። መጥቶ ከእኔው ይቀበል።

ልጅሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን