እሳት ያልጠገበ ድስት

አምቦ፣ ጥር 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ? ጭሱ ዓይንሽን ተወት አደረገልሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስለቅስሻል? የጌዶ ብርድ እንዴት አደረጋችሁ? ልጆቹ፣ ላሚቱ፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔና ልጄ ሴና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ልጨርስና ወደ ንዴቴ ልግባ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ሱቄ ውስጥ ጆሮ ስለሚበዛ ነው። ፖስታውን በማስቲሽ አሽጌ ለሾፌሩ ለጅሩ ሰጥቼዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ሳትደብቂ ንገሪኝ። ለማንም አታስነብቢው። መሠረተ ትምህርት ስትገቢ ስቄብሽ ነበር፤ ዛሬ ማንበብሽ ለእኔው ጠቀመኝ።

ምን ብለሽ ነው ስሜን አሳልፈሽ የሰጠሽው? ከጥምቀት በፊት ኦቦ ሞቱማ የሚባል የመንግሥት ባለሙያ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አዴ ጉዴን ፈልጌ ነበር አለ። አምቦ ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እዚህ የሚያውቁኝ በክርስትና ስሜ፣ አርሴማ ተብዬ ነው። ጉዴ የምትይኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እንዲህ የምትባል ሰው አላውቅም አልኩት። እሱ ፋይሉን ገለጠና፣ እህቷ ናት የነገረችን፣ አምቦ ፕላስቲክ ትሸጣለች፣ የእናታችን እጅ የወረደው ከእኔ ይልቅ በእሷ ላይ ነው ብላለች አለኝ።

የሸክላ ሠሪዎችን ማኅበር ሊያቋቁሙ፣ ወደ ወንጪ ለሚያልፈው ቱሪስት መሸጫ ሼድ ሊሠሩ፣ እኔን ደግሞ አሠልጣኝ ሊያደርጉኝ ነው። ማቃጠያ ምድጃ፣ ኤግዚቢሽን፣ ምኑ ቅጡ! የሠሪዎቹ ፎቶ ከነስማቸው በትልቅ ባነር ታትሞ አደባባይ ይሰቀላል አለኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው።

እኔ አላመንኩትም። እናታችን ገበያ ስትወጣ ቡዳ መጣች እያሉ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ አልነበር? ድስቷን ገዝተው እሷን ግን በተጣለ ጣሳ ውኃ ያጠጧት አልነበር? ዛሬ ምን ታይቷቸው ነው ሸክላ ሀብታችን ነው የሚሉት? ዛሬ ስም ይመዘግባሉ፤ መዝገቡ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል? አንቺ ባለሙያ ተባልኩ ብለሽ ደስ ብሎሻል። እኔ ግን ፋይል ሲገለጥ መውጫ በር እፈልጋለሁ።

ምክንያቴን ታውቂዋለሽ። ሴናን ሊጠይቁ የካቲት አምስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልጁ ኤልያቄም አስተማሪ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ወርቅውሃ ግን ዘር ትቆጥራለች። አያቷ ፊታውራሪ እንደነበሩ ላወቃትም ላላወቃትም ትናገራለች። የእኔ ስም ባነር ላይ ከወጣ የልጄ ትዳር በዚያው ቀን አበቃለት።

ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ወርቅውሃ ሱቄ ተቀምጣ ስለ ሽማግሌዎቹ መስተንግዶ ስንነጋገር፣ ይኸው ሰውዬ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ድስት ይዞ ገባ። ባልዲዎቹ መሀል አስቀመጠውና ይህ ስንት ያወጣል አለኝ። እጄን ይቁረጠው! ሳላስበው አነሣሁትና የድስቱን ከንፈር በጣቴ አንጓ መትቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ይህ አንሶኝ ደግሞ፣ ታቹ እሳት አልጠገበም፣ ያፈሳል አልኩት። ፈገግ ብሎ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ድስቱንም ትቶልኝ ወጣ። ሆን ብሎ እንዳጠመደኝ አልጠራጠርም። ምናልባትም ዘዴውን የነገርሽው አንቺ ነሽ።

ወይዘሮ ወርቅውሃን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሷ ግን ተነሥታ ድስቱን አነሣችው። አውራ ጣቷን በምላሷ አርጥባ ከውስጥ ታቹን ተጫነችና እርጥቡ እስኪጠፋ ድረስ አየችው። እሳቱስ ደኅና ነበር፣ ጭቃው ላይ የተፈጨ ገል አንሶታል አለች፣ ከራሷ ጋር እንደምታወራ ሁሉ። ወዲያው እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ቤት ሰው ይጠብቀኛል ብላ ሄደች። የቀዳሁላትን ሻይ እንኳ አልጠጣችም።

መጀመሪያ የተሳለቀችብኝ መሰለኝ። ዘሬን አስጠንታ መጥታለች፣ ይህንም ያደረገችው ማወቋን ልታሳውቀኝ ነው አልኩ። ሁለት ቀን እህል አልወርድልኝ አለ። ሐሙስ ዕለት ግን ልጇን ልካ ሽማግሌዎቹ በቀኑ ይመጣሉ፣ የተለወጠ ነገር የለም አለችኝ። ስለ ድስቱ አንድም ቃል የለም። ይሄ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረኝ።

እስቲ አንቺ ፍረጂ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ከሰው ትሰማ ይሆናል፤ የአውራ ጣቱን ነገር ግን ከማን ትሰማለች? እናታችን ለእኛ እንኳ በቃል ነግራን አታውቅም፤ ጉልበቷ ሥር ተቀምጠን አይተን ነው የያዝነው። ጭቃ ላይ የተፈጨ ገል እንደሚጨመርስ ስንቱ ድስት ገዢ ያውቃል? በእንጭኒ በኩል ያሉትን ሠሪዎች፣ ከመካከላችሁ ወጥታ አምቦ የገባች ልጅ ነበረች ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ልልሽ ነበር። ስሟም ያን ጊዜ ሌላ ይሆናል። ተይው፣ አትጠይቂ። ተጠይቆ መገኘት ምን እንደሆነ እኔ አየሁት።

አሁን አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። ወይዘሮ ወርቅውሃ መጀመሪያ ቤቴ ስትመጣ እህት ወንድም የለሽም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንዲት ታላቅ እህት ነበረችኝ፣ ሞታለች አልኳት። ነፍስ ይማር አለች፤ አሜን አልኩ። ይኸው ዓመት አለፈው። ስልክ በደወልሽ ቁጥር ያ አሜን ትዝ ይለኛል። ለሽማግሌዎቹ ቀን ያልጠራሁሽም መንገዱ ያደክማታል ብዬ አልነበረም፤ ዋሽቼሽ ነው። አፍሬብሽ ነው፣ እትዬ።

የኦቦ ሞቱማን ቅጽ አልፈረምኩም። እሱንም ባነሩንም ገና አላመንኳቸውም፤ መጨረሻቸውን ልይ። ስሜን ግን አታሰርዢው፤ ባለበት ይቀመጥ።

የካቲት አምስት ነዪ። ጅሩ ጋቢና ያስቀምጥሻል፤ ነግሬዋለሁ። ወይዘሮ ወርቅውሃ አጠገብ ነው የማስቀምጥሽ። እንዴት አድርጌ ከሞት እንደማስነሣሽ ገና አላወቅሁም፤ አንቺ ብቻ በበሩ ግቢ።

እመብርሃን ዓይንሽን ትጠብቅልኝ፤ ለእጅሽ ብርታት፣ ለወገብሽ ዕረፍት ትስጥሽ። ክፉ አይንካሽ።

የበደለችሽ ታናሽ እህትሽ