በቆሎው የጠራቸው

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2009፣ ቢቸና

ተምቹ አሁንም አልቀነሰም። ጠዋት ከአባባ ጋር ማሳ ወረድን። የበቆሎውን መሐል ቅጠል በልቶ በልቶ ወንፊት አስመስሎታል፤ ኩሱ እንደ ሰጋቱራ ተከምሯል። አባባ እያጎነበሱ ቅጠሉን ገለጡ። ያለቀስሁት እኔ ነኝ፣ ዞር ብዬ። የዓመት ቀለባቸው ይቺው ማሳ ናት።

ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። መድኃኒት አልቋል፤ እስከዚያው በእጅ ልቀሙ፣ እንቁላሉንም ጨፍልቁ አሉኝ። እስከዚያው! ተምቹ እስከዚያው የሚባል ነገር አያውቅም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ሥራ የለም። ተምቹ ግን በዓሉን አላከበረም።

ታናሽ እኅቴ ሙሉ ከሞጣ ደወለች። ግብርና የተማረችው እሷ ናት፤ እኔ ሕፃናት ፊደል ነው የማስቆጥረው። በቆሎ ተምች ሲበላው ሽታው ይለወጣል አለችኝ። ያን ሽታ ደቃቅ ተርቦች ከሩቅ ይሰሙታል፤ መጥተው ተምቹ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ ልጆቻቸውም ከውስጥ ይበሉታል። መድኃኒት ከረጫችሁ እነሱንም ትፈጃላችሁ፣ አለች።

ለአባባ ነገርኋቸው። ቅጠል ቆርጠው አሸተቱ። እኔም አሸተትሁ። የረጠበ ሣር ነው የሸተተኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 6

ጎረቤት በወንፈል ወጣልን። ተምቹን ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ፣ እንቁላሉን በጥፍር። እንቁላሉ ደግሞ መብዛቱ! ነጭ፣ ሩዝ የምታክል፣ ቅጠሉ ላይ ልጥፍ ያለች። ጣቴ እስኪዝል ጨፈለቅሁ። ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። እስካሁን ቁጭ ብሎ ከማየቱ ይሻላል።

ዝናቡ ሲያይል ግማሹ ላይ አቆምን። የወንዙ ወገን አልተለቀመም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 7

ሥላሴ ነው። ሰማዩ ጠራ፣ ግን ማንም ማሳ አልወረደም። የወንዙ ወገን እየተበላ እኛ ነጠላ ለብሰን ቁጭ።

ጎረቤታችን አያ ይግዛው ከየትም ብሎ መድኃኒት አግኝቷል። የተረፈውን ነገ ልርጭላችሁ አለ፤ አባባ እሺ አሉ። እኔም አልተቃወምሁም። ሙሉ ትቆጣለች፤ ትቆጣ። ሽታ ተማምኜ አባቴን ላስርብ?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8

ሙሉ ሳትነግረን በጠዋቱ መኪና ከች አለች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ወንዙ ወገን ወረደች፤ ተከተልናት። ብዙም ሳትቆይ ጠራችኝ። ቅጠሉ ላይ ያቺው ነጭ ነገር። አጠገቧ ቆዳው ብቻ የቀረ ተምች።

እንቁላሉ ነው አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እንቁላል አይደለም። ተርቧ ናት። ተምቹን ከውስጥ ጨርሳ ወጥታ የፈተለችው ቤቷ ነው። እንዲህ ያለውን ጨፍልቃችኋል እንዴ?»

ሐሙስ ለት በጥፍሬ ያፈረጥሁት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። አባባ ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ነበር።

«በቆሎው ድረሱልኝ ብሎ ተጣርቷል» አሉ ቀስ ብለው። «የደረሱለትን እኛ ገደልናቸው።»

አያ ይግዛው መርጫውን አዝሎ ከማሳው ጫፍ ደረሰ። አባባ ሄደው ለዛሬ ይቅር አሉት። እሱም እንዳበዱ ነው ያያቸው። ምናልባት ልክ ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 9

ሙሉ ወደ ሞጣ ተመለሰች። ነጯን ትታችሁ ተምቹን ብቻ ልቀሙ አለች። ማሳው ይተርፋል ወይ ብላት እውነቱን ነገረችኝ፤ እንጃ።

ከቅዳሴ መልስ ከአባባ ጋር ወረድን። በወንዙ ወገን ጫፋቸው የተከፈተ ባዶ የተርብ ቤቶች አየሁ። ወጥተዋል። ሥላሴ ባይሆን ኖሮ እነሱንም ዓርብ ለት ጨርሰናቸው ነበር። በለቀምነው በኩል ግን አንድም የለም፤ አዲስ ተምች ብቻ።

አባባ ከለቀምነው ወገን ቅጠል ቆርጠው አሸተቱና ሰጡኝ። ዛሬም ሣር ሣር ነው የሚለኝ።

«አሁንም እየተጣራ ይሆን?» አሉኝ።

አላውቅም አልኋቸው። ቅጠሉን ግን አልጣልሁትም፤ እስከ ቤት ድረስ ይዤው መጣሁ።