የመነጽሬ መሰበርና የብርጓል

ጥር 6፣ 1933
ደህና ቀን። ጠዋት ለአርበኞቹ አለቃ ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ። ማታ ከአቶ አንለይ ጋር ስንጫወት ቆየን። ደብረ ማርቆስ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ እሳቸው ቤት ነኝ። እንደ አባት ሆነውልኛል። የግራዝማች ጥሩሰውን ልጅ፣ የብርጓልን፣ የጠየቁልኝም እሳቸው ናቸው። ሠርጉ ጥር 25 ነው። መልኳን ገና አላየሁም። «ለጥምቀት ከዘፋኞቹ መሐል ትቆማለች፤ ያን ጊዜ እያት» ብለውኛል። አምስት ቀን ቀረ...

ጥር 8
የጣልያን አውሮፕላን መጣ። ቦይ ውስጥ በደረቴ ወደቅሁ። ቦምብ አልጣለም፤ ዞሮ ሄደ። መነጽሬ ግን ከሥሬ ነበር። አፍንጫዬ ላይ የሚያርፈው ሽቦ ለሁለት ተሰበረ። የግራው መስታወት ደቀቀ።
ከክንዴ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። ይህን የምጽፈው አፍንጫዬ ወረቀቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነው።
ለማንም አልናገርም። እዚህ አገር መነጽር የሽማግሌ ነው። ድሮም «ይህ ጎረምሳ ምን ነክቶት ነው?» ይሉኝ ነበር። ዕውር ነው ከተባለስ? ማን ልጁን ይሰጠኛል?

ጥር 9
ራሴን አመመኝ ብዬ ከቤት ሳልወጣ ዋልሁ። መነጽሬንም ለዚሁ አወለቅሁት አልሁ። ውሸት።

ጥር 11፣ ጥምቀት
ሜዳው ሁሉ ነጭ። ዘፈኑን እሰማለሁ፤ ፊት የሚባል ነገር ግን የለም። የትኛዋ ትሆን?
አቶ አንለይ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «አየሃት?»
«አየኋት።»
«እህስ?»
«ቆንጆ ናት» አልሁ... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥር 12
ጉድ ፈላ። ትናንት ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ግራዝማች ፊት ለፊቴ መጥተው ነበር አሉ። እኔ እጅ ሳልነሳ በጎናቸው አልፌ ሄድሁ። «ንቆኛል። ልጄን ለንቀኛ አልሰጥም» ብለው ላኩ።
አቶ አንለይ ምን ነካህ አሉኝ። ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ። ስብርባሪውን ከመሐረቤ ፈትቼ አሳየኋቸው። በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉትና፣
«ታዲያ ለጥምቀት ያየኸው ማንን ነው?»
«ማንንም።»
«እንግዲህ ነገ ድንጋይ ተሸክመህ፣ ራስህ ሄደህ ትነግራቸዋለህ።»

ጥር 13
ሄድን። ድንጋዩ ከበደኝ፤ ፍርሃቱ ባሰ። ግቢ እንደገባሁ አጥሩ ዘንድ ነጭ የለበሰ ትልቅ ሰው ቆሞ ታየኝ። ድንጋዩን እንደተሸከምሁ ተንበረከክሁ።
«ጌታዬ፣ ንቄዎት አይደለም። ዓይኔ ነው። መነጽሬ ተሰብሮ፣ ልጅዎን እንዳይነሱኝ ፈርቼ ደበቅሁ።»
መልስ የለም። በማርያም ብዬ ለመንሁ። አሁንም ዝም።
ከበስተኋላዬ ድምፅ መጣ። «ጋቢዬስ ይቅር ብሎሃል። እኔን ግን ገና አልጠየቅኸኝም።»
ለካ አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ ኖሯል።
ከጓዳ የሴት ሳቅ ፈነዳ። አፏን ለማፈን ስትታገል ይሰማል። ግራዝማች ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እየሳቁ ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱልኝ። «የዓይን ድካም ነውር አይደለም። መደበቅህ ነው ያስቀየመኝ» አሉ። ጉልበታቸውን ሳምሁ።
ስንመለስ አቶ አንለይን ጠየቅኋቸው፤ የሳቀችው የብርጓል ናት። መልኳን ባላውቅ ሳቋን አወቅሁ።

ጥር 15
አክስቷ እማሆይ ወለተ ኪዳን መጡ። ከየብርጓል የአንገት ድሪ የተፈታች አንዲት የብር ፍሬ መዳፌ ላይ አኖሩ።
«ለመነጽሩ ማያያዣ ይሁን ብላለች። ደግሞ በሠርጋችን ቀን ምሰሶ አቅፎ እንዳይሄድ ብላለች።»
ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልሁ።

ጥር 19
ወደ ይጁቤ ከተማ ወረድሁ። አንጥረኛው ሙላት መነጽር ሠርቶ አያውቅም። ብዙ አገላበጠው። ብሯን አቀለጠ፣ ቀጠቀጠ፣ እንደ ቅንድብ አጎበጠና ሁለቱን ክብ አገናኘ። የግራው ባዶ ቀረ፤ መስታወት ከየት ይመጣል? ቀኙን ግን ጠራርጎ አደረገልኝ።
ከደጁ ዋርካ አለ። ቅጠሉን አየሁት... አንድ በአንድ።
«ምን ያስለቅስሃል?» አለኝ ሙላት።
የከሰልህ ጭስ ነው አልሁት።

ጥር 26
ትናንት ተጋባን። ዓይነ ርግቧ ሲገለጥ በቀኝ ዓይኔ አየኋት። እሷም እኔን አይታ፣ ባዶዋን ክብ አይታ፣ ከንፈሯን ነከሰች። ልትስቅ ነው።
ለጥምቀት የዋሸሁት ውሸት እውነት ሆኖ ተገኘ።

መጋቢት 30
ጣልያን ማርቆስን ለቆ ወጣ። አገር ምድሩ ወደ ከተማ ጎረፈ፤ እኛም ሄድን። ትምህርት ቤቱ ጣሪያው ተነቅሏል፤ ግድግዳው አለ። ሣር እናለብሰዋለን፤ አስተምራለሁ።
የብርጓል መስታወት በሌለበት በግራዬ በኩል ነው የምትሄድ። ተስማምተናል፤ እኩያ ሲመጣ አንዴ ትቆነጥጠኛለች፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ሁለቴ። መነጽሬን ማንም ቢያየው ግድ የለኝም።
ዛሬ ግን ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሁለቴ... እጅ ስነሳ ወገቤ ተቆረጠ። ዞሬ ባይ እየሳቀች ነው።
«እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?» አልኋት።
«እኔም አላውቃቸውም» አለች። «ዛሬ ግን ለሁሉም እጅ ይነሳል።»